ከጅማ ሆኖ ኦፕንስታክን መጀመር፦ ያለፍኩበትና ለጀማሪ የምመክረው

ክላውድ ኮምፒውቲንግ ለመማር ተነስታችሁ ገና የመመዝገቢያው ገጽ ላይ የዶላር ካርድ ስትጠየቁ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም እዚያው ላይ ነው የቆምኩት። ጅማ ውስጥ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ተማሪዎቻችን ስለ ክላውድ በወረቀት ይማራሉ፣ በወረቀት ይፈተናሉ፤ አንዲት ቨርቹዋል ማሽን (በእውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) በእጃቸው ሳያስነሱ የሚመረቁ ብዙ ናቸው። ታላላቆቹ አቅራቢዎች ነጻ የሙከራ ጊዜ ቢኖራቸውም በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋሉ፤ ያ ደግሞ የአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ የለም። ስለዚህ ክላውዱን ራሱን በራሳችን ማሽን ላይ ለመትከል ወሰንኩ። ወደ ኦፕንስታክ የገባሁት በዚህ በኩል ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኦፕንስታክ ናሳ እና ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 በጋራ የጀመሩት፣ በፓይዘን የተጻፈ፣ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በራስ ማሽኖች ላይ ክላውድ ለመገንባት የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ጄኔቫ አጠገብ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ዛሬም ግዙፉን የኮምፒውተር አቅሙን የሚያስተዳድረው በዚሁ ነው። ተማሪ በላፕቶፑ የሚያነሳው ኮድና ሰርን የሚጠቀምበት ኮድ አንድ መሆኑ እኔን ከምንም በላይ ያነሳሳኝ ነገር ነው።

በውስጡ ብዙ ፕሮጀክቶች አሉ። የስሙ ብዛት መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ ለጀማሪ ግን አምስቱ ይበቃሉ። ኪስቶን ማን እንደሆናችሁ ያጣራል፣ ግላንስ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኢሜጆችን (ማሽን የሚነሳባቸውን ዝግጁ ፋይሎች) ያስቀምጣል፣ ፕሌስመንት የትኛው ማሽን ላይ ምን ያህል ቦታ እንዳለ ይመዘግባል፣ ኒውትሮን ኔትወርኩን ይዘረጋል፣ ኖቫ ቨርቹዋል ማሽኑን ያስነሳል። የማከማቻ አገልግሎቶቹ ሲንደርና ስዊፍት፣ ሌሎቹም ቆይተው ይደርሳሉ። ሁሉንም ካልጫንኩ ብሎ መነሳት ጀማሪን ከመንገድ የሚያስቀር ዋናው ነገር ነው፤ በተለይ እንደኛ ኢንተርኔትም መብራትም በሚቆራረጥበት ከተማ።

አንድ ነገር ከማውረዳችሁ በፊት የምታነቡት መመሪያ መቼ እንደተጻፈ እዩ። ኦፕንስታክ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እትም ያወጣል። እትሞቹ ከኦስቲን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይሰየሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ዜድ ላይ ሲደርሱ ፊደሉ አለቀና ከዚያ ወዲህ አንቴሎፕ 2023.1 እንደሚለው ዓመተ ምሕረቱም አብሮ ይጻፋል። ዓመት የሌለው የእትም ስም የያዘ ጽሑፍ ካገኛችሁ አሮጌ መሆኑን እወቁ። ማሽን ለማስነሳት «ኖቫ ቡት» በሉ የሚል ከሆነም ዝለሉት፤ አሁን ሁሉም ነገር «ኦፕንስታክ» ብሎ በሚጀምር አንድ ትእዛዝ ነው የሚሠራው። ስንት ሰው በአሥር ዓመት አሮጌ መመሪያ ሲታገል ከርሞ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ እንደተወው አይቻለሁ።

ለመማርና ኮዱን ለመንካት የሚሆነው መንገድ ዴቭስታክ ይባላል። በአንድ ማሽን ላይ ሁሉንም አገልግሎቶች ከምንጭ ኮዱ የሚጭን የስክሪፕት ስብስብ ነው። ለእውነተኛ ሥራ፣ ማለት የመሥሪያ ቤት መረጃ ለሚቀመጥበት፣ አይሆንም፤ ለዚያ ኮላ አንሲብልን የመሰሉ ሌሎች መንገዶች አሉ። ዴቭስታክ የማሽኑን ቅንብር እንዳሻው ስለሚለዋውጥ የዕለት ሥራችሁን በምትሠሩበት ኡቡንቱ ላይ በቀጥታ አትጫኑት። በቨርቹዋልቦክስም ሆነ በኬቪኤም አንድ ንጹህ ቨርቹዋል ማሽን ፍጠሩና እዚያ ውስጥ ይሁን። ላፕቶፓችሁ 16 ጊጋ ራም ካለው ግማሹን ለዚህ ስጡት። ዲስኩን አትሰስቱ፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፉ መብራቱን አረጋግጡ። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን የማስነሳት ፈቃዱም መከፈት አለበት። ማሽናችሁ ይህን ባይችልም ዴቭስታክ ማሽንን በሶፍትዌር ብቻ በሚያስመስለው በኪው ኢሙ ይሠራል፤ ይዘገያል እንጂ ለመማር አያግድም።

ከዚያ «ስታክ» የሚባል ተጠቃሚ ትፈጥራላችሁ። ስክሪፕቱ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) አልሠራም ብሎ ይቆማል፤ ትክክል ነው፣ አትታገሉት። «ሎካል ዶት ኮንፍ» የሚባለው ፋይል ውስጥ አራት የይለፍ ቃሎች ታስገባላችሁ፦ የአስተዳዳሪው፣ የዳታቤዙ፣ የራቢት ኤም ኪው (በአገልግሎቶቹ መካከል መልእክት የሚያመላልሰው) እና የአገልግሎቶቹ። ፊደልና ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ፤ የቃለ አጋኖና የዶላር ምልክት የገባበት ይለፍ ቃል መሀል መንገድ ላይ ለመረዳት የሚያስቸግር ስህተት ያመጣል። እዚያው ፋይል ላይ ሲንደርንና የመፈተሻ ፕሮግራሙን ቴምፔስትን አጥፉ። ኮዱን የሚያወርደውና የለውጦቹን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ ጊት ይባላል፤ የጊት ጥልቀት የሚለውን ቅንብርም 1 አድርጉት። ይህች አንዲት መስመር የእያንዳንዱን ፕሮጀክት የብዙ ዓመት ታሪክ ትታ የዛሬውን ኮድ ብቻ እንዲያወርድ ታደርጋለች። ለእኛ ኢንተርኔት የዚህን ያህል የጠቀመኝ ነገር የለም።

አሁን ስለ ክረምቱ ልናገር። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር መብራቱ ይሄዳል፣ ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩ ይሄዳል። እኔ የምሠራው ሌሊት ነበር፤ ያኔ መስመሩም ፈጠን፣ ፓኬጁም ረከስ ይላል። ቆጣሪያችን የጋራ ስለሆነ አከራዬ እትዬ አንድ ቀን ጠዋት ቡና እያፈሉ «ምነው ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስታበራ ታድራለህ?» አሉኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ «እንግዲያው በርታ፣ ግን ዓይንህን» ብለው ስኒዬን ሞሉልኝ።

በእንዲህ ያለ ሌሊት መብራት ሄደ፤ የላፕቶፔ ባትሪ የደከመ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ጠፋ። በማግስቱ ስክሪፕቱን እንደገና ሳስጀምር የማላውቀው ስህተት አውጥቶ ቆመ። ደገምኩት፣ ያው። እንደገና፣ ያው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ምክንያቱን ያገኘሁት ቆይቶ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ጊት ገና እያወረደ ነበር፤ ግማሽ የወረደ ፎልደር እዚያው ቀርቷል። ዴቭስታክ ፎልደሩ መኖሩን ሲያይ «ይሄ ወርዷል» ብሎ ያልፈዋል፤ ውስጡ ሙሉ ይሁን ባዶ አይመረምርም። ስህተቱ ብቅ የሚለው ግን ከዚያ በጣም ርቆ፣ ሌላ ነገር እየጫነ ሳለ ነው። መድኃኒቱ ያንን አንድ ፎልደር አጥፍቶ እንደገና ማስጀመር ብቻ ነው። ሁሉን ነገር አፍርሳችሁ ከዜሮ አትጀምሩ።

ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ስህተት ሲመጣ የማየው የመጨረሻውን መስመር ነበር። የመጨረሻው መስመር ብዙውን ጊዜ ስክሪፕቱ መቆሙን ነው የሚነግራችሁ። የቆመበትን ምክንያት የምታገኙት ወደላይ ስትወጡ ነው፤ መጀመሪያ «ኤረር» የሚለው ቃል ያለበት ቦታ ድረስ ውጡ። ስክሪፕቱ የሚያወጣው ጽሑፍ ሁሉ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ በሎካል ዶት ኮንፍ የሎግ ፋይል ስም ስጡት፤ ያለዚያ ከስክሪኑ ላይ ሸሽቶ ይጠፋባችኋል።

መጨረሻ ላይ ስክሪፕቱ ሲሳካ የማሽናችሁን አይፒ አድራሻ፣ የሆራይዘንን (በብሮውዘር የሚከፈተውን መቆጣጠሪያ ገጽ) እና የኪስቶንን አድራሻ፣ «አድሚን» እና «ዴሞ» የሚባሉትን ተጠቃሚዎች ዘርዝሮ ይጽፋል። እነዚያን መስመሮች ሳይ ብቻዬን ጮክ ብዬ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ወዲያው ግን አንድ ሥራ አለ፤ ቨርቹዋል ማሽኑን ስናፕሾት አንሱ። ዴቭስታክ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ሁልጊዜ በደህና አይመለስም። ስናፕሾት ካላችሁ መብራት ቢሄድም ወደዚያች ደቂቃ ትመለሳላችሁ። ቀጥሎ ኦፍላይን የሚለውን ቅንብር ወደ «ትሩ» ቀይሩት፤ ከዚያ ወዲያ ስክሪፕቱን ብትደግሙት ኢንተርኔት አይጠይቃችሁም።

ሌላው በኛ አገር አሠራር የሚመጣ ችግር አይፒ ነው። ቤት በዋይፋይ፣ ቢሮ በኬብል፣ መሀል ላይ በስልክ ሆትስፖት እንሠራለን፤ በየቦታው አድራሻው ይለወጣል። ኪስቶን ደግሞ የእያንዳንዱን አገልግሎት አድራሻ ሲጫን በነበረው አይፒ ነው የሚመዘግበው። አድራሻው ሲለወጥ ሁሉም ነገር ሞተ ይላችኋል፤ ሳይሞት። ለቨርቹዋል ማሽኑ ከላፕቶፑ ጋር ብቻ የሚገናኝበት ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ስጡት፣ የማይለወጥ አይፒ መድቡለትና «ሆስት አይፒ» በሚለው ቦታ እሱን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ አራዳም ሁኑ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ውስጥ ግድ የለም።

ክላውዱ ከተነሳ በኋላ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ «በል እስቲ አንድ ማሽን አስነሳ» አለኝ። የማሽኑን መጠን ስመርጥ መካከለኛ ይሻላል ብለን ሚዲየም የሚለውን ወሰድን። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «ኖ ቫሊድ ሆስት ዋዝ ፋውንድ»፣ ማለት የሚሆን ማሽን አልተገኘም። ኦፕንስታክን የነካ ሁሉ ይህን መልእክት ያውቀዋል። ራሙን አየን፣ አለ። ሲፒዩውን አየን፣ አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱን ያገኘነው ጥያቄያችን የሄደበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ በመከተል ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ዘዴ ውሰዱ። ማሽን አስነሳ ስትሉ ትእዛዙ መጀመሪያ ኪስቶን ዘንድ ሄዶ ቶክን፣ ማለት ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ፣ ይቀበላል። ቶክኑን ይዞ ወደ ኖቫ ኤፒአይ፣ ማለት ወደ ኖቫ የጥያቄ መቀበያ በር፣ ይገባል። ኖቫ ጥያቄውን በራቢት ኤም ኪው በኩል ለኮንዳክተሩ፣ ኮንዳክተሩም ለስኬጁለሩ ያስተላልፋል። ስኬጁለሩ ፕሌስመንትን «ይህን ያህል ራም፣ ይህን ያህል ሲፒዩ፣ ይህን ያህል ዲስክ ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እጩ ከተገኘ ሥራው ለኖቫ ኮምፒውት ይሰጣል፤ እሱ ኢሜጁን ከግላንስ ያመጣል፣ ከኒውትሮን የኔትወርክ ወደብ ይቀበላል፣ በመጨረሻ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚቆጣጠረውን ሊብቨርትን ማሽኑን አስነሳ ይለዋል። እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ «ሬክ» ብሎ የሚጀምር ረጅም መለያ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር በኖቫ አገልግሎቶች ሎግ ሁሉ ውስጥ አንድ ነው። ቁጥሩን ኮፒ አድርጋችሁ ሎግ በሚያሳየው በጆርናል ሲቲኤል ትእዛዝ ስትፈልጉት ጥያቄው እስከየት እንደደረሰና የት እንደቆመ ይታያችኋል።

የኛ የቆመው ስኬጁለሩ ጋ ነበር፤ ፕሌስመንት አንድም እጩ አልሰጠውም። ሚዲየም የሚባለው መጠን 4 ጊጋ ራም ብቻ ሳይሆን 40 ጊጋ ዲስክም ይጠይቃል። እኔ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሰጠሁት ዲስክ በጠቅላላው 40 ጊጋ ነበር፤ ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ፕሌስመንት ሒሳቡን ሠርቶ አይበቃም አለ፣ ልክም ነበር። ታይኒ በሚባለው መጠን ሲርኦስ የሚባለውን ለሙከራ የተሠራ ትንሽ ኢሜጅ ስንሞክር ማሽኑ ወዲያው ተነሳ። ጓደኛዬ ፒንግ አድርጎ መልስ ሲመጣ እጄን ጨበጠኝ። ለጀማሪ የምለው ይህን ነው፦ በሲርኦስና በትንሹ መጠን ጀምሩ፤ ኡቡንቱ ኢሜጅ ለማስነሳት አትቸኩሉ። ለቨርቹዋል ማሽናችሁም ከተቻለ 60 ጊጋና ከዚያ በላይ ዲስክ ስጡት።

እስከዚህ ያለው ተጠቃሚ መሆን ነው። ፕሮጀክቱ ክፍት ስለሆነ ግን ወደ ውስጥ መግባትም ይቻላል፤ ብዙ ልጆቻችን የሚፈሩት ይህን ነው። «እኔ ማን ሆኜ ነው ኮድ የምልክላቸው?» ይሉኛል። አሠራሩን ካወቃችሁ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ስህተቶች የሚመዘገቡት ላንችፓድ ላይ ነው፤ ለአዲስ ሰው የሚሆኑ ቀላል ጉዳዮች «ሎው ሃንጊንግ ፍሩት» የሚል ምልክት አላቸው። ኮዱ የሚገመገመው ጌሪት በሚባል ሥርዓት ውስጥ ሲሆን ዙል የሚባል ሮቦት እያንዳንዱን ለውጥ ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ኮሚታችሁ (በጊት የተመዘገበው ለውጣችሁ) ግርጌ ላይ የሥራው ባለቤት መሆናችሁን የምታረጋግጥ የፊርማ መስመር ያስፈልጋል፤ ጊት ራሱ በአንዲት ፊደል ይጨምርላችኋል። ከመላካችሁ በፊት ቶክስ የሚባለውን መሣሪያ በላፕቶፓችሁ ላይ አስሩጡ፤ ዙል የሚያገኘውን የአጻጻፍ ግድፈት እሱ ቀድሞ ይነግራችኋል።

የእኔ የመጀመሪያ ለውጥ አንድ ሰነድ ውስጥ የቀረ ያረጀ ትእዛዝን በአዲሱ መተካት ነበር። በበነጋታው ከገምጋሚ ማይነስ 1 መጣ። ልቤ ወረደ፤ አስተያየቱን ሳነበው ግን ሰውየው የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ምን እንደቀየርክ ጽፈሃል፣ ለምን እንደቀየርክም በመልእክቱ ጻፍ። ማይነስ 1 «አስተካክለህ መልሰው» ማለት ነው እንጂ ማባረር አይደለም። እዚህ ላይ አዲስ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍበት ነገር አለ፤ ማስተካከያውን አዲስ ኮሚት አታድርጉት። የቀድሞውን ኮሚት አሜንድ አድርጉ፣ ማለት እሱኑ አርሙ፣ ግርጌው ላይ ያለችውን የለውጥ መለያም አትንኩ፤ ጌሪት ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸውን የሚያውቀው በሷ ነው። ዙል ከእናንተ ለውጥ ጋር በማይገናኝ ነገር ከወደቀ «ሪቼክ» ብላችሁ ማስደገም ትችላላችሁ፤ ግን ሎጉን አይታችሁ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉ። ባዶ ሪቼክ አይወደድም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዋና ገምጋሚዎች ፕላስ 2 ሲሰጡ ለውጡ ይገባል። የእትም መውጫ ሲቃረብ ሁሉም ይጣደፋልና ትንንሽ ለውጦች ይዘገያሉ፤ ተረሳሁ ብላችሁ አትዘኑ።

ፕሮጀክቶቹ የሚወያዩት ኦኤፍቲሲ በሚባለው የአይአርሲ (የጽሑፍ ውይይት) ኔትወርክ ላይ ነው። ሰላምታ ልካችሁ መልስ አትጠብቁ፤ ጥያቄያችሁን ከነሎጉ በአንዴ ጻፉና ቆዩ። መልስ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ መብራት ቢሄድባችሁ ውይይቱ በኦፕንዴቭ ድረ ገጽ ላይ በየቀኑ ስለሚቀመጥ ገብታችሁ ታነቡታላችሁ። የስብሰባ ሰዓት የሚነገረው በዩቲሲ፣ ማለት በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ነው። ወደኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ቀንሱ፤ በዩቲሲ 14 ሰዓት የተባለ ስብሰባ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ይህን ባለማወቅ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚጠብቅ ልጅ አጋጥሞኛል።

አሁን በላብራቶሪያችን ካሉት ማሽኖች አንዱ ላይ ዴቭስታክ አለ፤ ተማሪዎች ተራ ገብተው የየራሳቸውን ማሽን ያስነሳሉ። የወረደውን ኮድ ሙሉውን «ኦፒቲ ስታክ» ፎልደር በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስለያዝኩት አዲስ የሚጀምር ልጅ የፕሮጀክቶቹን ኮድ ከዜሮ አያወርድም፤ ገልብጦ ያስጀምረዋል፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለቀሪዎቹ ፓኬጆች ብቻ ነው። በከተማችሁ አንድ ሰው የጫነው ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልጉና ቅጂውን ጠይቁ። ከሌለ ደግሞ አንዱ ያውርድና ለሌሎቹ ይስጥ፤ ስትገለብጡ የፋይሎቹ ባለቤት «ስታክ» የሚባለው ተጠቃሚ መሆኑን ማረጋገጥ እንዳትረሱ።